«ሲስተሙ አልቀበል አለ»፦ በፎርም ውስጥ የተደበቀው መመሪያ

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከፋርጣ ገጠር በጠዋት ተነስተው ደብረ ታቦር የገቡ አንድ አዛውንት ይታሰቡ። የመጡበት ጉዳይ «ከእንግዲህ በኦንላይን ብቻ» ተብሏልና ከመናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ጎራ ይላሉ። ልጁ ስማቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ይጽፋል። «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳይጠይቅ «ባለትዳር» የሚለውን ይጫናል፤ ወዲያው የሚስት መታወቂያ ቁጥር የሚጠይቅ ሳጥን ይከፈታል።

«የባለቤትዎን መታወቂያ ይዘዋል አባባ?»

«አምና አረፈችብኝ ልጄ።»

ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ኋላ ይመለስና «ባለቤት የሞተበት» የሚለውን ይመርጣል። ሳጥኑ ይጠፋል። የቀረው ሁሉ ይሞላል። «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል፤ ምንም። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ገጹን ዘግቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይሞላል፤ እንደ ልማዱ እጁ ቀድሞት እዚያው ላይ ይደርሳል። በመጨረሻ ሁሉም የሚያውቀው አረፍተ ነገር ይመጣል፦ «አባባ፣ ሲስተሙ አልቀበል አለ። ለነገ ይመለሱ።»

አዛውንቱ የተፈጠሩት ለምሳሌ ነው። ብልሽቱን ግን ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሳምረው ያውቁታል። የሚስት መታወቂያ ቁጥር የሚጠይቀው ሳጥን ከዓይን ተሰወረ እንጂ ከፎርሙ አልወጣም። «መሞላት ግዴታ ነው» የሚለው ትእዛዝም አብሮት ተደብቆ ቀረ። ብሮውዘሩ ያልተሞላ ግዴታ ስላገኘ ፎርሙን አላሳልፍም አለ፤ «ይቺን ሙላ» ብሎ እንዳይጠቁም ደግሞ ሳጥኑ አይታይም። ክሮም በእንዲህ ያለ ጊዜ ስህተቱን የሚጽፈው ፕሮግራመሮች በሚከፍቱት የውስጥ መስኮት ላይ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ባለጉዳዩ የሚያገኘው ዝምታ ብቻ ነው። ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነው፦ ሳጥኑ ሲደበቅ ግዴታነቱም አብሮ ይነሳ።

ብልሽቱ ትንሽ ነው። ውጤቱ ግን የአንድ ቀን መንገድ፣ የትራንስፖርት ሒሳብና የኢንተርኔት ቤት ክፍያ ነው፤ ከዚያም በላይ «መንግሥት አልተቀበለኝም» የሚል ስሜት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በመንግሥት ፎርም ውስጥ «ይህ ከሆነ ያንን ጠይቅ፣ ካልሆነ ደብቅ» የሚል ኮድ ሁሉ መመሪያ ነው። ማንም ያላወጀው፣ ማንም ያላነበበው፣ ማንም የማይጠየቅበት መመሪያ። እንደ መመሪያ ሊታይ፣ ሊመረመርና ሊታረም ይገባል።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ሁኔታን አይቶ ጥያቄ መዝለል ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ዘዴ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተሠራው በወረቀት ነበር። በቆጠራና በጥናት መጠይቆች ላይ «መልሱ አይደለም ከሆነ ወደ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቁጥር እለፍ» የሚል መመሪያ ከጥያቄው ጎን ታትሞ ይገኛል። ቆጣሪው የሚዘለውን ጥያቄ በዓይኑ ያየዋል። የቤቱ ሁኔታ ከመጠይቁ ጋር ካልገጠመ በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ተቆጣጣሪው ያነበዋል። ሕጉ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ለሰው ልጅ ጉዳይም ትንሽ ቦታ ይተዋል።

ከዚያ በኋላ የታቀደው አራተኛው ቆጠራ በታብሌት እንዲሠራ ዝግጅት ተደርጎ ነበር። ቆጠራው በተደጋጋሚ ተራዘመ እንጂ የዘዴው ለውጥ ግልጽ ነበር። ታብሌት ላይ የማይመለከትህ ጥያቄ አይታይህም። ይህ ለቆጣሪው እረፍት ነው፤ ስህተትም ይቀንሳል። ነገር ግን የመዝለያው ሕግ በስህተት ከተጻፈ፣ የተዘለለው ጥያቄ መዘለሉን የሚያውቅ ሰው የለም። በወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ባዶ መሆኑ ይታያል። በስክሪን ላይ ያልታየ ጥያቄ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ብዙ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ ፎርም በመጀመሪያ የተዋወቀው በዲቪ ነው። የአሜሪካ ዲቪ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ ሆነ። «ያገባ» ሲባል የባለቤት ቦታ ይመጣል፤ የልጆች ቁጥር ሲጻፍ በዚያው ልክ የልጅ መረጃ መሙያ ይከፈታል። በሞላበት ጊዜ ባለቤቱን ወይም ልጁን ሳይጠቅስ የቀረ ሰው እጣው ቢወጣለትም ቪዛው ሊከለከል እንደሚችል የመሙያ መመሪያው በግልጽ ያስጠነቅቃል። አንድ ሳጥን ባለመከፈቱ ወይም የሚሞላው ልጅ «ያላገባ» ብሎ በማለፉ የአንድ ቤተሰብ ዕድል ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። ኢንተርኔት ቤት ያደገ ትውልድ ይህን ትምህርት በራሱ ኪሳራ ያውቀዋል። ዛሬ ያው ዓይነት ፎርም ወደ አገር ውስጥ አገልግሎት ገብቷል።

ለምን አሁን?

ምክንያቱም ፎርሙ አማራጭ መሆኑ እያበቃ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» በሚል ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ኦንላይን ሲገቡ ቆይተዋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ሆነ ለሌላ ብዙ አገልግሎት ፋይዳ እየተጠየቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የብዙ ተቋማትን ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር በኮምፒውተር ይጨርሳል። አቅጣጫው ትክክል ነው። ለአንድ ማኅተም ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል የተመላለሰ ሰው የወረቀቱን ዘመን አይናፍቅም።

ሁኔታን አይቶ የሚከፈትና የሚዘጋ ፎርምም በራሱ በጎ ነገር ነው። ንግድ ፈቃድ የሌለውን ገበሬ ስለ ንግድ ፈቃዱ አይጠይቅም። ባሏ የሞተባትን ሴት የባልሽን መታወቂያ አምጪ አይላትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚሰበሰብ መረጃ ለተፈለገው ዓላማ በሚያስፈልገው ልክ እንዲወሰን ይጠይቃል፤ የማያስፈልገውን ጥያቄ የሚደብቅ ፎርም ለዚህ ሕግ ዋና አጋዥ ነው። ጥያቄው «ይደበቅ ወይስ አይደበቅ» አይደለም። ሲደበቅ በትክክል ተደብቋል ወይ? ሲበላሽስ ባለጉዳዩ ወዴት ይሂድ? እነዚህ ናቸው ጥያቄዎቹ።

የሚበላሽባቸው መንገዶች

አንደኛው ከላይ የታየው ነው፦ የተደበቀ ግዴታ። ሌሎቹ ለዚህ አገር ቋንቋ፣ የቀን አቆጣጠርና መልክዓ ምድር ይበልጥ የቀረቡ ናቸው።

ፊደል። አንድ ፕሮግራመር «ዞን ደቡብ ጎንደር ከሆነ የወረዳዎቹን ዝርዝር አሳይ» ብሎ ይጽፋል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ስሙ «ደቡብ ጐንደር» ተብሎ ገብቷል። ለአንባቢ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር «ጎ» እና «ጐ» ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሁኔታው አልተሟላም ይላል፤ የወረዳው ዝርዝር አይከፈትም። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ላይም ያው ነው። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ተሠርቶ በኋላ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ሕጉ የእንግሊዝኛውን ቃል እየጠበቀ ባለጉዳዩ አማርኛውን ይመርጣል። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ሲቀይረው ይሠራል፣ ወደ አማርኛ ሲመልሰው አይሠራም። ይህን ያየ ተጠቃሚ «አማርኛው ችግር አለበት» ይላል። አማርኛው ምንም ችግር የለበትም። መፍትሔው የሚታየውን ጽሑፍና የሚነጻጸረውን መለያ መለየት ነው፦ ለሰው ስም ይታይ፣ ኮምፒውተሩ ግን የማይለወጥ የቁጥር ኮድ ያወዳድር።

ቦታ። ብዙ ፎርም «ክልል» ሲመረጥ ዞን፣ «ዞን» ሲመረጥ ወረዳ እያለ ይወርዳል። የኢትዮጵያ ካርታ ግን እንደ ፎርሙ አልቆመም። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የቀድሞው ደቡብ ክልል ወደ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከፈለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘጠኝ የነበረው የክልል ቁጥር 12 ደረሰ። በወረዳ ደረጃም እንዲሁ ነው፤ በጉና ዙሪያ ትናንት ፋርጣ ይባል የነበረ አካባቢ ዛሬ ጉና በጌምድር ወረዳ ነው። የድሮ ዝርዝር የያዘ ፎርም ሰውየው የያዘውን የቀበሌ መታወቂያና ስክሪኑ የሚያሳየውን ወረዳ ያጣላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንዱ የመንግሥት ፎርም በአዲሱ፣ ሌላው በድሮው ዝርዝር ሲመዘግበው ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ሁለት አድራሻ ይኖረዋል።

ቀን። በ2000 ዓ.ም. ጥር ላይ የተወለደች ወጣት በ2018 ዓ.ም. የካቲት 18 ዓመት ሞልቷታል። ፎርሙ የልደቷን ቀን ወደ ፈረንጅ ቆጠራ ለውጦ 2008 ብሎ ይዞ፣ የዛሬውን ቀን ግን በኢትዮጵያ 2018 ብሎ ካነበበ የ10 ዓመት ልጅ ናት። «ከ18 ዓመት በታች ከሆነ አሳዳጊ ይጠየቅ» የሚለው ሕግ ይነሳና ለአቅመ ሔዋን የደረሰችን ልጅ የአባትሽን ፊርማ አምጪ ይላታል። ስህተቱ በተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም 2000 ከ2026 ጋር ከተነጻጸረ፣ የ26 ዓመት ሴት ትሆናለች፤ በዚህም ለወጣቶች የተከፈተ ዕድል ሊያልፋት ይችላል። ጳጉሜን የማያውቅ የወር ዝርዝር ሲገጥምም በጳጉሜ 3 የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ አዛውንቶች ደግሞ «ቀኑ አይታወቅም፤ ግምት» የሚል ሳጥን ያስፈልጋቸዋል። ያ ሳጥን ከሌለ ፎርሙ አዛውንቱን ውሸት ያስጽፋቸዋል።

ትራፊ መልስ። የአዛውንቱ ልጅ መጀመሪያ «ባለትዳር» ብሎ የአንዲት ሴት ቁጥር ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ «ባለቤት የሞተበት» ሲቀይር ሳጥኑ ይጠፋል፤ ቁጥሩ ግን ውስጥ ሊቀር ይችላል። ፎርሙ ሲላክ የማይታየው ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ አንድ ቢሮ «የእርስዎ ባለቤት ተብላ የተመዘገበችው ማን ናት?» ሲላቸው መልስ የላቸውም። ሲደበቅ ይጥፋ፤ የማያስፈልገው መልስም አይላክ። ይህ ንጹሕ የመረጃ ጥበቃ ጉዳይ ነው።

ኔትወርክ። አንዳንድ ፎርም እያንዳንዱ ምርጫ ሲነካ አዲስ አበባ ላለ ሰርቨር ደውሎ «ቀጥሎ ምን ላሳይ?» ብሎ ይጠይቃል። በጥሩ መስመር ላይ ይህ አይታወቅም። ላይ ጋይንት ላይ በሚቆራረጥ መስመር ግን ዝርዝሩ ሳይመጣ ይቀራል፤ ባለጉዳዩም «ወረዳዬ የለም» ብሎ ይመለሳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። «በኦንላይን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ያወጣ ቢሮ ሁሉ ይህን ታሪክ በጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ አለበት።

ዘበኛውና ኃላፊው

እነዚህ ሁሉ የሚመነጩት ከአንድ ሥር ነው። የድረ ገጽ ፎርም ሁለት ጠባቂ አለው። አንዱ በባለጉዳዩ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ክፍል ነው፤ ሳጥን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ሁለተኛው ሰርቨሩ ነው፤ የመጣውን መዝኖ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው እሱ ነው። ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙባቸው ማዕቀፎች፣ ጃንጎም ይሁን ላራቬል፣ ሪአክትም ይሁን አንጉላር፣ ለሁለቱም ጠባቂዎች መሣሪያ አላቸው። ግን ሁለቱን የሚያግባባቸው ማዕቀፉ ሳይሆን ሰው ነው። ላራቬል «ይህ መስክ እንዲህ ከሆነ ያ ግዴታ ይሁን» የሚል ሕግ በሰርቨር በኩል ለመጻፍ ያስችላል፤ ሳጥኑን በስክሪን ላይ መክፈትና መዝጋት ግን የሌላ ክፍል ሥራ ነው። በአንጉላር አንድን ሳጥን ከገጹ ላይ ማጥፋት ብቻውን ሁልጊዜ ከፎርሙ መዝገብ አያወጣውም።

ነገሩ የቢሮ በር ዘበኛና የውስጥ ኃላፊ እንደማለት ነው። ዘበኛው «ይህ ደብዳቤ አያስፈልግዎትም፣ ይግቡ» ብሎ ያሳልፋል። ኃላፊው «ደብዳቤው የታለ?» ይላል። ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። ባለጉዳዩ በመካከላቸው ይንከራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ሕጉ የተጻፈው አንድ ቦታ ነው ወይስ ሁለት?» የሚለው ነው። ሁለት ቦታ ከሆነ አንድ ቀን መጋጨታቸው አይቀርም።

ብልሽቱን የሚፈልግ ባለሙያ ሥራም ከዚህ ይጀምራል። ፎርሙ ዝም ሲል የውስጥ መስኮቱን ከፍቶ የተደበቀ ግዴታ መኖር አለመኖሩን ያያል። ገጹን አድሶ፣ ቀድሞ የተመረጠ መልስ እያለ ሳጥኑ በትክክል መከፈቱን ይፈትናል፤ ብዙ ፎርም ሕጉን የሚያስታውሰው ምርጫ ሲቀየር ብቻ ነው፤ ገጹ ገና ሲከፈት ወይም ባለጉዳዩ ያስቀመጠውን ጅምር ሲቀጥል ይረሳዋል። ከዚያ መልሱን ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀያየረ ትራፊ መልስ ይላክ እንደሆነ ይመለከታል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሞክራል። መስመሩን ሆን ብሎ አዘግይቶ ያያል። አንድ ከሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። የሚጎድለው ሥራው ሳይሆን የሚያዘው ሰው ነው።

«ሲስተሙ» ምክንያት አይሆንም

ከዚህ በላይ ያለው ለባለሙያ ነው። የሕጉ ጥያቄ ግን የሁሉም ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት ተቋም ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል። መመሪያ ሲያወጣም ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ፣ እንዲያስመዘግብና በድረ ገጹ እንዲያትም ይጠይቃል። አዋጁ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው፤ መርሁ ግን ከክልል ቢሮ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢከተሉት የሚጎዳ የለም።

አንድ ፎርም «ተከራይ ከሆነ የአከራዩን መታወቂያ ግዴታ ያያይዝ» ሲል፣ ያ አዲስ ግዴታ ነው። በየትኛው መመሪያ ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈ ሕግ ያወጣው ፕሮግራመሩ ነው። ፎርሙ አልቀበልም ሲል የሰውየውን ጉዳይ ውድቅ እያደረገ ነው። ምክንያቱስ ምንድን ነው? «ሲስተሙ» ምክንያት አይደለም። ሲስተሙ የሆነ ሰው የጻፈው ሕግ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ስም፣ ቢሮና አለቃ አለው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ከሶፍትዌር ሠሪዎች ይመጣል፦ «በጀቱ ትንሽ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ሁሉን ሁኔታ መፈተሽ አይቻልም።» እውነት አለው። ግን ሁሉን መፈተሽ አይጠበቅም። የእንግሊዝ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ሠሪዎች ለዚህ ቀላል ልማድ አላቸው፦ በአንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ። በአንድ ገጽ ሃያ ሳጥን ከመክፈትና ከመዝጋት ይልቅ፣ መልሱን ተቀብሎ ወደሚመለከተው ቀጣይ ገጽ መውሰድ። ገጹ ቀላል ይሆናል፤ በደካማ መስመርም ይደርሳል፤ ሕጉም በሰርቨሩ ብቻ ይቀመጣል። ይህ ገንዘብ የሚያስወጣ ሳይሆን የሚያተርፍ ነው።

ሁለተኛው ከኃላፊዎች ይመጣል፦ «ሠራተኛው ሲስተሙን አልፎ እንዲመዘግብ ከተፈቀደ ሙስና ይመለሳል። ፎርሙ ጥብቅ የሆነው ለዚህ ነው።» ይህ ስጋት ቀላል አይደለም። የእጅ መንሻ የተለመደበትን ወንበር ኮምፒውተር እንዲተካው የሚመኝ ዜጋ ብዙ ነው። ነገር ግን የተዘጋ ፎርምም የራሱን ደላላ ይወልዳል። «እኔ ጋ ያልፋል» የሚል ልጅ ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ይቆማል፤ የተሳሳተ መልስ ሞልቶ «ያሳልፋል»። ሐሰተኛ መረጃ የሚገባው እውነተኛው መልስ ቦታ ሲያጣ ነው። መፍትሔው ልዩ ሁኔታን መፍቀድ፣ ግን መመዝገብ ነው፦ ማን ፈቀደ፣ መቼ፣ ለምን። ዱካ ያለው ፈቃድ ከዱካ አልባ ውሸት ይሻላል።

ከጋፋት ይጀመር

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም።

1. እያንዳንዱ የመንግሥት ፎርም ከመከፈቱ በፊት የጥያቄዎቹ ሙሉ ዝርዝርና የሚከፈቱበት ሁኔታ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ይታተም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ።

2. ማንኛውም ፎርም «ሁኔታዬ እዚህ የለም» የሚል ሁልጊዜ የሚታይ ሳጥን ይኑረው። ያ ሳጥን ሲሞላ ጉዳዩ ወደ ሰው ይሂድ።

3. ፎርም አልቀበል ሲል ምክንያቱን በተገልጋዩ ቋንቋ ይናገር፤ የሚጠቀስ ቁጥርም ይስጥ። ባለጉዳዩ ነገ ሲመለስ «ትናንት እንዲህ ያለ ቁጥር ተሰጥቶኝ ነበር» ማለት ይቻለው።

4. የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዝርዝር በአንድ ቦታ፣ በኮድ ተይዞ፣ ሁሉም ተቋም ከዚያ ይውሰድ። አዲስ ወረዳ ሲፈጠር ሃያ ፎርም በየፊናው እንዳይታረም።

5. መስመር ሲቋረጥ በወረቀት የሚቀበል መስኮት አይዘጋ።

ሙከራውም አዲስ አበባ ባለ ፈጣን መስመር ላይ ብቻ አይሁን። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን «ጋፋት» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስሠሩበት ከከተማዋ አጠገብ ያለ ስፍራ ነው። ዛሬ በዚያ ተቋም ኮድ የሚማሩ ተማሪዎች አሉ። አንድ ተቋም አዲስ ፎርም ከመክፈቱ በፊት ለእነሱ ቢሰጥ፣ እነሱም ይዘውት ወደ ክምር ድንጋይ፣ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ አዲስ ዘመን ወርደው ከገበያ የተመለሰውን ገበሬ፣ ከጤና ጣቢያ የወጣችውን እናት ቢያስሞሉ፣ የተደበቀው ግዴታም የጠፋችው ጳጉሜም በአንድ ሳምንት ይወጣሉ። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ያገኛል፤ ተቋሙ ደግሞ ከመሸማቀቅ ይድናል። አዛውንቱም ዳግመኛ መናኸሪያ አይወርዱም።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገሬው ሰው። ተረቱ ግን አንድ ነገር ይዞ ነው የተነሳው፦ መናገሪያ ቦታ እንዳለ። በድሮው ችሎት ባለጉዳይ ቢያንስ ቆሞ «አቤት» ይል ነበር። ሳጥኑ የተዘጋበት ሰው ግን «አቤት» የሚልበትም የለው። ባለቤታቸው የሞተችባቸው አዛውንት ለመንግሥት የሚሉት ነበራቸው፤ ሚስቴ ሞታለች፣ ብቻዬን ነኝ፣ አገልግሎቱ ይገባኛል። መልሳቸው እውነት ነበር፤ ወረቀታቸው ሙሉ ነበር። ያስመለሳቸው ማንም ሳያየው ተደብቆ የቀረ አንድ ሳጥን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ሲስተሙ አልቀበል አለ» የሚል ድምፅ ሲሰማ አንድ ጥያቄ ይከተል፦ የትኛው ሕግ ነው አልቀበል ያለው፣ ማንስ ጻፈው? ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ሊመልሰው አይችልም። ፎርሙን የከፈተው ቢሮ ግን መመለስ አለበት።